ሦስት የመኪና ውስጥ አየር ማጣሪያዎችና የፊልትሮ አቅርቦታቸው

ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ዓይነት የመኪና ውስጥ አየር ማጣሪያዎችን ገዝቼ በየተራ ተጠቅሜባቸዋለሁ። የመጀመሪያው በኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ የሚቆም፣ ከውኃ ጠርሙስ አጠር ያለ ክብ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ፊልትሮ የሌለው አዮን አመንጪ (ብናኝን በኤሌክትሪክ ሙል የሚያጣብቅ መሣሪያ) ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከፊት ወንበር ጀርባ በማሰሪያ የሚታሰር፣ ከሦስቱም ትልቁ ነው። ወደዚህ ገበያ ያስገባኝ ልጄ አስም ስላለባትና በየጠዋቱ በኋላ ወንበር ተቀምጣ ከከባድ ተሽከርካሪዎች ጭስ ኋላ ስለምትጓዝ ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን የመዘንኩት በሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ እሷ የምትተነፍሰውን አየር በእርግጥ ያጠራሉ ወይ? ከአንድ ዓመት በኋላስ ማጥራታቸውን ይቀጥላሉ ወይ? የአምራቾቹንና የሻጮቹን ስም አልጠቅስም። በዚህ ገበያ አንድ ዓይነት ቀፎ በብዙ የንግድ ስሞች ስለሚሸጥ፣ አንዱን ስም መጥራት ገዢውን ከዚያው ዕቃ አያድነውም።

መስኮት ከተዘጋ በመኪና ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይሻላል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። ነገር ግን መኪና አየር የሚስበው ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ቀድሞት ከሚሄደው ተሽከርካሪ የጭስ ማውጫ ብዙም በማይርቅ ቦታ ስለሆነ፣ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ከእግረኛው መንገድ አየር የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይበልጥ የሚያሳስበው ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ማለትም ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነው ብናኝ ሲሆን፣ ከሰው ጸጉር ውፍረት ጋር ሲነጻጸር 30 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ በዚህ መጠኑም ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ይህ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

የመጀመሪያውን መሣሪያ የፈተንኩት በእጅ በሚያዝ የብናኝ መለኪያ ነው። መኪናውን አቁሜ፣ መስኮቶቹን ዘግቼና የመኪናውን ቬንትሌተር አጥፍቼ መሣሪያውን ሳበራው፣ 90 ገደማ የነበረው ንባብ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ 40 ወረደ። ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ልጄን አሳፍሬ፣ ቬንትሌተሩ ከውጭ አየር እየሳበ ስጓዝ፣ ንባቡ መሣሪያው ቢበራም ቢጠፋም ከቦታው የሚነቃነቅ አልሆነም። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ተመልሼ በቆመ መኪና ስሞክረው እንደገና በደንብ ሠራ። ነገሩ የገባኝ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

የአንድ ማጣሪያ አቅም የሚለካው ሲኤዲአር በሚባል መስፈርት፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚሰጠው ንጹሕ አየር መጠን ነው። የእኔ መሣሪያ ካርቶን ላይ የተጻፈው በሰዓት 15 ሜትር ኩብ ነበር። የአንድ ተራ መኪና ውስጣዊ ይዘት ወደ 3 ሜትር ኩብ ስለሚጠጋ፣ 15 ሜትር ኩብ ማለት አየሩን በሰዓት 5 ጊዜ ማጣራት ነውና በቂ ይመስላል። ሆኖም ቬንትሌተሩ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የውጭ አየር እያስገባ ከሆነ፣ በውስጥ የሚቀረው ብናኝ 100 ለ115 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም ከውጭው 87 በመቶ ያህሉ ነው። የአየር መግቢያው ተዘግቶ በየቀዳዳው የሚገባው 10 ሜትር ኩብ ብቻ ሲሆን ግን 10 ለ25 ተካፍሎ 40 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ መሣሪያውን ጠቃሚ ወይም ከንቱ የሚያደርገው በክሩስኮቱ ላይ ያለው የአየር መዝጊያ ቁልፍ ነው። ሦስቱንም ስገዛ ይህን የነገረኝ ሻጭ አልነበረም፤ በካርቶኖቹም ላይ አልተጻፈም።

ፊቴን ከውጭ የሚገባውን አየር ወደሚያጣራው የመኪናው የራሱ ካቢን ፊልትሮ ያዞርኩት ከዚህ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች እንደሚደረገው፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ አውርጄ ክፈፉን ሳወጣ፣ በእጥፋቶቹ መሐል የደረቀ ቅጠል፣ የነፍሳት ክንፍና በጣት ሲነካ እንደ ጥላሸት የሚያጠቁር ብናኝ ተጠቅጥቆበት አገኘሁ። አዲስ ከገባበት በኋላ፣ ቬንትሌተሩ ከውጭ እየሳበ እንኳ የውስጡ ንባብ ከውጭው ከግማሽ በታች ወረደ። ለአንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ካወጣሁት ባነሰ ወጪ የተሻለ ውጤት ማግኘቴ አሳዝኖኛል፤ ያሳዘነኝ ገንዘቡ ሳይሆን ልጄ ያን አሮጌ ፊልትሮ አልፎ የመጣውን አየር ስንት ወር እንደተነፈሰች ሳስበው ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ይህ ፊልትሮ በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየዓመቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ መቀየር አለበት።

የካቢን ፊልትሮና የተንቀሳቃሽ መሣሪያ ፊልትሮ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ቢሆኑም፣ ገበያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። የካቢን ፊልትሮ መጠኑ በመኪናው ሞዴል የተወሰነ፣ የታወቀ የመለዋወጫ ቁጥር ያለው፣ አፈጻጸሙም አይኤስኦ 11155 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚፈተን ዕቃ ነው። የጀርመኖቹ ማን ፕላስ ሁመል፣ ማህሌ፣ ፍሮይደንበርግና ቦሽ፣ የጃፓኑ ዴንሶ፣ የፈረንሳዩ ቫሌዮ እና ሌሎች በርካታ ፋብሪካዎች ለአንድ ሞዴል መኪና የሚሆን ፊልትሮ እየሠሩ ይወዳደራሉ። አንዱ አምራች ቢያቆም ሌላው ይተካል፤ አስመጪውም ያንን ሞዴል የሚነዱ ሰዎች እስካሉ ድረስ ዕቃው እንደሚሸጥለት ያውቃል። የተንቀሳቃሽ መሣሪያ ፊልትሮ በአንጻሩ ቅርጹ የአንድ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ክብነቱ፣ ቁመቱና የማሰሪያው ጥርስ ከሌላው ጋር እንዲገጥም ተብሎ አልተሠራም። ፋብሪካው ሞዴል በቀየረ ቀን መሣሪያው ያለ መለዋወጫ ይቀራል።

በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን መሣሪያ በገዛሁ በ8ኛው ወር አመልካች መብራቱ ፊልትሮ ለውጥ ሲለኝ፣ የገዛሁበት ሱቅ መሣሪያውን አሁንም በመደርደሪያው ላይ ደርድሮ እየሸጠ መለዋወጫው ግን አልነበረውም። ይመጣል ተባልኩ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው አዲሱ ሞዴል ነበር፤ ፊልትሮውም ከእኔው መሣሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ አልገባም። በንዴት ሳይሆን በግዴታ ሌላ ፊልትሮ ቆርጬ በማጣበቂያ ፕላስተር ለማስገጠም ሞከርኩ። ያን ጊዜ ነው መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ፈታትቼ በውስጡ ያየሁት። በፊልትሮውና በፕላስቲኩ ግድግዳ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ ግድግዳው ላይም ከታች ወደ ላይ የተዘረጋ ግራጫ የብናኝ መስመር ተስሎ ነበር። አየሩ በፊልትሮው ውስጥ ከማለፍ ይልቅ በቀላሉ መንገድ፣ በጎኑ ሲያልፍ ነው የከረመው። ማሸጊያ ጎማ ወይም ስፖንጅ አልተደረገለትም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ሄፓ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትርጉሙን ያጣል። ሄፓ ቁርጥ ያለ መለኪያ ያለው ስም ነው። በአሜሪካው አቆጣጠር 0.3 ማይክሮሜትር ስፋት ካለው ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶውን፣ በአውሮፓው ኤች13 ደረጃ ደግሞ ለመያዝ እጅግ ከሚያስቸግረው ስፋት 99.95 በመቶውን የሚያስቀር ነው። 0.3 የተመረጠው ትንሹ ስለሆነ አይደለም። ከዚያ የሚተልቀው ብናኝ ከአየሩ ጋር መታጠፍ አቅቶት ከክሮቹ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ የሚያንሰው ደግሞ በአየር ሞለኪውሎች እየተገፋ ሲንከራተት ክሩ ላይ ያርፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ነው አምልጦ የማለፍ ዕድሉ የሰፋው። «ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚሉ ጽሑፎች ግን ከዚህ መለኪያ ውጪ ናቸው፤ ምንም ግዴታ አያስከትሉም። እውነተኛ ሄፓ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ አየር ለማሳለፍ ብርቱ ሞተር ይፈልጋል። በዩኤስቢ ገመድ በሚሠራ የቡጢ ያህል መሣሪያ ላይ ከፍተኛ የማጣራት ደረጃና ከፍተኛ የአየር ፍሰት በአንድነት ተጽፎ ሲታይ፣ አንዱ እውነት እንዳልሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ይህ ፊልትሮ ለምን እንደሚጠፋ ለመረዳት ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ዋናው ጥሬ ዕቃ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ቀልጦ በደቃቅ ቀዳዳዎች ሲወጣ በኃይለኛ ሙቅ አየር ይነፋና ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ውፍረት ወዳላቸው ክሮች ይለወጣል፤ ክሮቹም ሳይሸመኑ ተደራርበው ሜልትብሎውን የሚባለውን ጨርቅ ይሠራሉ። ከዚያ ብናኝ እንዲስብ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠዋል። ጨርቁ ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ፋብሪካ ይሄዳል፤ እዚያ ይታጠፋል፣ ከክፈፍ ጋር ይጣበቃል። የፊት ጭምብልም የሚሠራው ከዚሁ ጨርቅ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲነሳ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ የአየር ማጣሪያ ሠሪዎችም ከጭምብል ሠሪዎች ጋር ለአንድ ጥቅል ጨርቅ መሻማት ግድ ሆነባቸው። ይህ የኤሌክትሪክ ሙል በአልኮል ሲነካ ይጠፋል። ስለዚህ ፊልትሮውን በአልኮል አጽድቶ መልሶ መጠቀም እንደሚቻል የሚመክሩ ሻጮች፣ ገዢው መልኩ ንጹሕ ሆኖ ብናኝ የማይዝ ፊልትሮ ይዞ እንዲሄድ እያደረጉት ነው።

ሽታና ጋዝ የሚይዘው ክፍል አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ልዩ ከሰል ነው። ከድንጋይ ከሰል ወይም ከኮኮናት ቅርፊት ይሠራል፤ የቅርፊቱ ዋና ምንጮች እንደ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሕንድና ስሪ ላንካ ያሉ አገሮች ናቸው። በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ሲታከም በውስጡ የሚፈጠሩት ቀዳዳዎች ብዛት እጅግ የሚደንቅ ነው፤ የአንድ ግራም ከሰል ውስጣዊ ገጽ ከ1,000 ሜትር ካሬ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ጋዝ የመያዝ አቅሙ በክብደቱ ልክ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች ያለው ጥቁር የተቀባ ስስ ስፖንጅ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠግቦ ሥራውን ያቆማል። ከሻጩ የከሰሉን ግራም መጠየቅ ስለ ዕቃው ብዙ ያስረዳል፤ መልስ ከሌለው ደግሞ የበለጠ ያስረዳል።

የቀሩት ክፍሎች ሞተርና ፋን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የብናኝ ሴንሰርና የፕላስቲክ ቀፎ ናቸው። የተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ትልቁ የመገጣጠሚያ ማዕከል የቻይናዋ ጓንግዶንግ ግዛት፣ በተለይ ሼንዘንና ዶንግጓን አካባቢ ነው። በዚያ ያሉ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ንድፍ አዘጋጅተው፣ የፈለገው ነጋዴ የራሱን ምልክት እያሳተመ እንዲወስድ ያደርጋሉ። ይህ አሠራር ዕቃው በርካሽ እንዲዳረስ ረድቷል፤ ይሁንና ስሙን ያተመው ነጋዴ ስለ ፊልትሮው ጥራትም ሆነ ስለ ቀጣይ አቅርቦቱ የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል።

የአስመጪው ችግር ደግሞ ከጭነት ይጀምራል። ፊልትሮ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው። በአየር ጭነት ዕቃው ከክብደቱ ይልቅ ቦታው ሲበልጥ ክፍያው በቦታው ይሰላል፤ የተለመደው ስሌት 6,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንደ አንድ ኪሎ መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 1,728 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሚሆን፣ በውስጡ ያለው ፊልትሮ 100 ግራም ብቻ ቢመዝን እንኳ እንደ 288 ግራም ይከፈልበታል። በዚህ ላይ መሣሪያው ከፊልትሮው የበለጠ ትርፍ ስላለውና ፋብሪካውም ለፊልትሮ ብቻ የተወሰነ ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን ስለሚጠይቅ፣ ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘው ፊልትሮው ነው። ነጋዴውን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። ነገር ግን መለዋወጫ እንደማያመጣ እያወቀ መሣሪያውን መሸጡን ከቀጠለ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያገለግል ዕቃ እንደሚሸጥ ለገዢው ሊነግረው ይገባል።

ፊልትሮ የማያስፈልገው መሣሪያ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድን ይመስላል፤ እኔንም ወደ አዮን አመንጪው የወሰደኝ ይኸው ነው። መሣሪያው ብናኙን በኤሌክትሪክ ሙል እየጫነ በአቅራቢያው ባለ ገጽ ላይ እንዲጣበቅ ያደርገዋል፤ የሚጣበቅበትም መስታወት፣ ክሩስኮትና የወንበር ጨርቅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሶኬቱ ዙሪያ ጥቁር ክብ ተፈጠረ። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ሲሠራ ደግሞ መብረቅ ከወረደ በኋላ የሚሸተውን የመሰለ ሰንጣቂ ሽታ ይሸት ጀመር፤ ይህ የኦዞን ሽታ ነው። ኦዞን የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፤ ከሽቶና ከጽዳት ፈሳሾች ከሚወጡ ተናኞች ጋር ሲገናኝም ፎርማልዲሃይድን ጨምሮ ሌሎች ጎጂ ነገሮችን ይፈጥራል። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ለክፍል አየር ማጽጃዎች የደነገገው የኦዞን ጣሪያ 0.050 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.050 ክፍል) ሲሆን፣ ዩኤል 2998 የሚባለው ጥብቅ ማረጋገጫ የሚፈቅደው ደግሞ 0.005 ፒፒኤም ነው። የእኔ መሣሪያ ስለዚህ ጉዳይ አንዳች ጽሑፍ አልነበረውም። አስም ያለባትን ልጅ በ3 ሜትር ኩብ ቦታ ውስጥ ከዚህ ጋር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ በዚያው ሳምንት ነቀልኩት። ይህን ዓይነቱን መሣሪያ ለማንም አልመክርም።

ስለ ሴንሰሩ ጥቂት ልበል። በተሻሉት መሣሪያዎች ያለው በሌዘር ብርሃን ብናኝ የሚቆጥር ነው፤ እንደ ቻይናው ፕላንታወርና እንደ ስዊዘርላንዱ ሴንሲሪዮን ያሉ ኩባንያዎች ይሠሩታል። በአንዳንድ ርካሾች ላይ ግን ቀለም የሚቀያይረው መብራት ለብናኝ ሳይሆን ለጋዝ ብቻ ምላሽ ይሰጣል። የመጀመሪያው መሣሪያዬ ከናፍጣ መኪና ኋላ አረንጓዴ ሆኖ ቆይቶ፣ ልጄ እጇን በሳኒታይዘር ስትጠርግ ወዲያው ቀላ። በእንዲህ ያለ መብራት ተማምኖ ዕቃ መምረጥ አያዋጣም።

ሦስተኛው፣ በወንበር ጀርባ የሚታሰረው፣ አሁንም መኪናዬ ውስጥ አለ። ፊልትሮው በዙሪያው ወፍራም የስፖንጅ ማሸጊያ አለው፤ ሲገባም ቀጥ ብሎ ጠቅ ይላል። አቅሙ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ አየር መግቢያው በተዘጋ መኪና ውስጥ ስለካው ንባቡ በ10 ደቂቃ ወደ ሩብ ገደማ ስለወረደ የተጻፈው ቁጥር የሚታመን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በከፍተኛው ፍጥነት ድምፁ ለወሬ ያስቸግራል፤ በመካከለኛው ግን ልጄ እንቅልፍ ይወስዳታል። ባትሪ የለውም፤ ይህን እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል የሊቲየም ባትሪን እዚያ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም፤ ለአስመጪውም ባትሪ ያለው ዕቃ ዩኤን 3481 በሚባለው የአደገኛ ጭነት ምድብ ውስጥ ገብቶ ማጓጓዣውን ያከብደዋል።

ስለ አየር መግቢያው መዘጋት የግድ መነገር ያለበት አደጋ አለ። የትኛውም ፊልትሮ የምናስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያስቀርም። አንድ ተቀምጦ ያለ አዋቂ በሰዓት ወደ 20 ሊትር ገደማ ስለሚያስወጣ፣ 3,000 ሊትር በሚይዝና ምንም አየር በማያስገባ ቦታ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ብቻ ከ3,000 ፒፒኤም በላይ ይጨምራል፤ አራት ሰው ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ ነው። የውጭው አየር ከ420 ፒፒኤም ብዙም አይርቅም። መኪና በሚሄድበት ጊዜ በየቀዳዳው ጥቂት አየር ስለሚገባ ቁጥሩ ይህን ያህል ባይደርስም፣ ነጂውን የሚያደነዝዝና የሚያስተኛ መጠን ላይ ለመድረስ ረጅም ጊዜ አይወስድበትም። ስለዚህ እኔ ከጭነት መኪና ኋላ ስሆን መግቢያውን እዘጋለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት፣ ወይም ቢበዛ በየ10 ደቂቃው፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እከፍተዋለሁ።

አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ጉዳዩን በራሳቸው እጅ ማስገባት ጀምረዋል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2015 ሞዴል ኤክስን ሲያስተዋውቅ ትልቅ ሄፓ ፊልትሮ ገጥሞለት ነበር፤ ቮልቮም እ.ኤ.አ. በ2020 በውስጥ ያለውን ፒኤም 2.5 እየለካ የሚያሳይና የሚያጣራ ሥርዓት አቅርቧል። ቀድሞ የተሠራ መኪና ለሚነዳ ሰው የሚሻለው ቅደም ተከተል ግን በመጀመሪያ ከሰል ያለበትን ጥሩ ካቢን ፊልትሮ ማስገባት፣ ተንቀሳቃሹን መሣሪያ ደግሞ ከቤተሰቡ መካከል አስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ብቻ መጨመር ነው።

ሦስተኛውን መሣሪያ የገዛሁት ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮዎችን አብሬ በመግዛት ነው፤ ሻጩ ፊልትሮዎቹን ከመጋዘኑ አውጥቶ እስኪያሳየኝ ድረስ ገንዘብ አልከፈልኩም። ሁለቱም በታሸገ ላስቲክ ውስጥ፣ የተመረቱበት ወር ታትሞባቸው መጥተዋል። አንደኛውን ባለፈው ወር ቀየርኩ፤ የወጣው አሮጌ ፊልትሮ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁሯል፣ የቀፎው ግድግዳ ግን ነጭ እንደሆነ ነው።